ለአዳነች የሚቀዳውን ሽክና በተመለከተ

ይድረስ ለእናቴ፣ ኩታበር

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ክረምቱን እንዴት ያዝሽው? ብርድ ሲገባ የሚጠዘጥዝሽ ትከሻሽ ዘንድሮስ ተወሽ? አባዬ ዓይኑን ታከመ ወይስ አሁንም በሬውን ላም እያለ ነው የሚጠራው? አዳነችስ ማቅለሽለሹ ለቀቃት? ባሏ ሞላልኝስ ሥራ አገኘ ወይስ ሥራ ፍለጋ ብሎ የሚወጣው አሁንም ወደ ጠላ ቤትሽ ነው? ልጇ ሄኖዬስ እንዴት ነው? እኔ በጸሎታችሁ ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ሙቀቱ እንኳ አልጎደለም፣ ተርፎ ለናንተም ይበቃል።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት እንደምትይ አውቃለሁ። ይህን ነገር በስልክ ሦስት ጊዜ ጀምሬልሻለሁ እኮ። በመጀመሪያው «ድምፅሽ ይቆራረጣል» ብለሽ ለአባዬ ሰጠሽው፣ እሱም ስለ በሬው ነገረኝ። በሁለተኛው «ጸልዪ ልጄ፣ እዚያ አገር ሰይጣን ይበዛል» አልሽኝ። በሦስተኛው «ሰው ጠላ ይጠብቀኛል» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። ይዛልሽ የመጣችው የሐይቋ መሪማ ናት፣ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ ማለቴ ነው፣ አግኝታ ጠቅልላ መግባቷ ነው። የመጨረሻዋ መስመር ሳትነበብ ከቤትሽ እንዳትወጣ በቁርአኗ አስምያታለሁ። ስለዚህ ምሳ አብዪልኝና አብራችሁ ስሙ።

አዳነችዬ፣ ለእማዬ የምታነቢላት አንቺ መሆንሽን አልረሳሁም። ስምሽ ሲነሳ እንዳትዘልዪ። ደብዳቤውን ሳልዘጋው በፊት ለመሪማ ሁለት ጊዜ አንብቤላታለሁ፣ አንድ መስመር ብታጎድዪ ታውቅብሻለች።

ማዳም ዓቢዳን እማዬ ሳታዪያት ታውቂያታለሽ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያወራሁልሽ አሠሪዬ ናት፣ ኹበር ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል የልጆች ዶክተር። እኔ የምኖረው ደማም፣ አል ነኺል በሚባለው ሰፈር ከቤቷ ነው። እዚህ ቤት ስሜ ረምዚያ እንደሆነም ታውቂያለሽ። ደላላው «በክርስቲያን ስም ሥራ ቶሎ አይገኝም» ብሎ ወረቀቱን ሲያወጣ ቀየረው፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማም ላይ እሱው ተጻፈ። ቦሰና ብሎ የሚጠራኝ የደላንታው ሾፌር ኸጣብ ብቻ ነው፣ እሱም ሰው ራቅ ሲል ነው።

የማዳም የዘንድሮ ሥራ ምርምር ነው። ስለ ምን መሰለሽ? እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አልኮል ስትጠጣ በሆድ ያለው ልጅ ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት። በእንግሊዝኛ ስሙ ረጅም ነው፣ እኔ ልጠራው ስሞክር መሃል ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል። መጀመሪያ ስሰማ በሆዴ ሳቅሁ። መጠጥ በሌለበት አገር ስለ መጠጥ የሚመራመር ሰው ምን ይባላል? እሷ ግን ስትናገር ሰማኋት፤ እዚህ ሰው ከዓለም ሁሉ ይመጣል፣ ነውር በበዛበት ቦታ ደግሞ እናት እውነቱን አትናገርም፣ እርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ ሳይታወቅ ይቀራል ትላለች። የእሷ ድርሻ እናቶችን ሳያሸማቅቁ እንዴት አድርጎ መጠየቅ እንደሚቻል ማጥናት ነው። አየሽ፣ እውነት የሚያናግር ጥያቄ የምትፈልገው ሴትዮ በቤቷ ያስቀመጠችው የሐሰት ስም ያላትን እኔን ነው።

ንግግሯን ለሰው ከማቅረቧ በፊት ሳሎን ቆማ ትለማመዳለች። ካፊሌ፣ የማዳም ባል ማለቴ ነው፣ ገና «ቢስሚላህ» ስትል እንቅልፍ ይወስደዋል። ልጆቿ ይሸሻሉ። እኔ ካውያ ይዤ ወዴት እሸሻለሁ? እየተኮስኩ ሰማሁ፣ ዓረብኛውን ከለመድኩ ወዲያ የሚያመልጠኝ ጥቂት ነው። በግድግዳው ላይ የልጆች ፊት በሥዕል አሳየች። በአንዳንዶቹ ላይ ዓይናቸው አጠር ይላል፣ የላይኛው ከንፈራቸው ይሳሳል፣ ከአፍንጫ ሥር ወደ ከንፈር የሚወርደው ቦይ ደግሞ ለጥ ይላል አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኸው የከንፈር መርማሪ ሆንኩልሽ። የራሴን በመስታወት አየሁ፣ ደህና ነው። የካፊሌን ሶፋ ላይ እንደተኛ ጎንበስ ብዬ ሳጠና ዓይኑን ገለጠ። «ማፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም አልኩትና ትራሱን አቃንቼ ሄድኩ፣ እስከ ዛሬ ሲያየኝ አፉን በመሃረብ ይሸፍናል። ኸጣብ ጢሙ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ቦዩ አይታይም፤ ተላጭልኝ ብለው እናቱ ከሻይ በቀር ምንም ቀምሳ እንደማታውቅ በወላሂ ምሎ ተቆጣኝ። በማግስቱ ግን ጢሙን ሙልጭ አድርጎ መጣና «እስቲ እዪኝ፣ መንገድ የሚጠፋብኝ ለዚህ እንዳይሆን» አለኝ። ለካ ሌሊቱን ሲጨነቅ አድሯል። ቦዩ ቦይ ነው፣ መስኖ ይጠለፍበታል። አልሐምዱሊላህ ብሎ ሄደ፣ ያን ዕለትም መንገድ ጠፋበት።

ማዳም ይህን ሰምታ ከሳቀች በኋላ ተቆጣችን። ፊት ብቻውን ምንም አይናገርም አለች። እንዲያውም ከተጎዱት ልጆች የሚበዙት ፊታቸው ላይ ምንም የላቸውም። የሚታወቁት በሌላ ነው፤ ልጁ የነገሩትን ይረሳል፣ አንድ ቦታ አይረጋም፣ ቁጥር አይገባውም፣ ትናንት የተቀጣበትን ዛሬ ይደግመዋል። ሰውም ባለጌ ነው፣ ሰነፍ ነው፣ ልቡ ያበጠ ነው ይለዋል። እኔ ያን ጊዜ ሳቄን ተውኩ፣ ለምን እንደተውኩ ግን ገና ለራሴም አልነገርኩም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት ስከትፍ ወረቀቷን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። ጥያቄዎቿን ልትለማመድብኝ ነው። «አንቺ ነፍሰ ጡር ሁኚ፣ እኔ ልጠይቅሽ» አለችኝ። አልኮል ትጠጫለሽ ወይ አለችኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ አስተግፊሩላህ አልኩ። በአገራችሁ ያሉ ነፍሰ ጡሮችስ? ብላ ቀጠለች። በአገራችን ነፍሰ ጡር አልኮል አትጠጣም፣ ክርስቲያኗም ብትሆን አትጠጣም አልኳት ኮራ ብዬ። እማዬ ሙች፣ ልዋሽ ብዬ አይደለም። አልኮል ማለት እኔ ቤት ቢራ ነው፣ የጠርሙስ ነው፣ የከተማ ነው። ታዲያ በበዓል ቀን ምን ትጠጣለች? አለችኝ። ጠላ ነዋ፣ እሱ ምግብ ነው አልኳት።

እዚህ ላይ ነው ሳይቸግረኝ ጤፍ ብድር የገባሁት። እንዴት ነው የሚሠራው ስትለኝ እህልና ውሃ ነው ብዬ ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ስለ አንቺ ጠላ ተጠይቄ ክብርሽን ላሳንስ? ጌሾው እንዴት እንደሚወቀጥ ነገርኳት፣ ብቅሉን ነገርኳት፣ አሻሮው የቱ ድረስ እንደሚቆላ ነገርኳት፣ ጋኑ በወይራ እንደሚታጠን፣ ሌሎቹ ውሃ እያበዙ ሰው እንደሚያታልሉና የእኛ ግን ከደሴ ድረስ ጠጪ እንደሚያስመጣ ነገርኳት። «የእኛ» ማለቴን ያወቅሁት ካመለጠኝ በኋላ ነው። የጎረቤታችን ማለቴ ነው ብዬ አረምኩ። ስንት ሲጠጡ ራስ ያዞራል? አለችኝ። ለወንድ አራት ሽክና፣ ለአባዬ ሰባት፣ ማለቴ ለጎረቤታችን ባል። ማዳም ቀና ሳትል ትጽፋለች። ለነፍሰ ጡርስ? ለነፍሰ ጡርማ በቀን አንድ ሽክና ነው፣ በጠዋት፣ ጉሹ ተመርጦ፤ ልጁን ያጠራል፣ ወተት ያመጣል፣ ወገብ ያጠናል አልኳት። ከእሷ የበለጠ ለማን ይገባል ብዬም ጨመርኩበት። እስክሪብቶዋ ቆመ።

ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገችና በቀስታ አስረዳችኝ። አራት ሽክና የወንድን ራስ የሚያዞረው አልኮል ስለሆነ ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ ተሠራ ጋን ውስጥ ያው አንድ ነው አለች። እናት ስትጠጣ በደሟ በኩል ለልጁም ይደርሳል። እሷ ጉበት አላት፣ ታጣራዋለች፤ የእሱ ገና ስላልጠና መጠጡ እሱ ዘንድ ይቆያል፣ አንጎሉም ያኔ ገና እየተሠራ ነው። የጠጣች እናት ልጅ ሁሉ ይጎዳል ማለት አይደለም፣ የትኛው እንደሚጎዳ ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ይህን ያህል ብትጠጪ አይጎዳም የሚባል ልክም አልተገኘም። ቅራሪስ? አልኳት፣ እንደሚሟገት ሰው። ቅራሪም አለች። ደግሞም በስንተኛውም ወር ይሁን ባቆመችበት ቀን ለልጁ ትርፍ ነው አለችኝ። ዓይኔ ሲያነባ በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

እማዬ፣ በልቤ የነበረው ሄኖ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሰኔ ላይ ካርዱ ሲመጣ ከአርባ ስምንት አርባ ሰባተኛ መውጣቱን ስትነግሪኝ፣ አርባ ስምንተኛው ልጅ ትምህርት አቋርጦ የሄደ መሆኑን ጨምረሽ ነገርሽኝ። ጨው እንዲገዛ ትልኪዋለሽ፣ የሰው ጫጩት ታቅፎ ይመጣል። አባዬ «የዚህ ልጅ ልቡ ጋን ሥር ቀርቷል» እያለ ሰው ያስቃል፣ እኔም በስልክ ስቄያለሁ። መምህሩ ይገርፈዋል፣ ሞላልኝ ይደግመዋል፣ አንቺም ጭኑን ትመዘልጊዋለሽ። ሁለተኛ አይለምደኝም ብሎ እያለቀሰ ይምላል፣ በማግስቱ ያንኑ ያደርጋል። ጥጋብ ነው አልን። አሁን ደግሞ አዳነች አራተኛ ወሯ ነው፣ «እማዬ በየጠዋቱ ጉሹን ታቀርብልኛለች፣ ጉልበቴ ጠናልኝ» ብላ በደስታ ነግራኛለች። ይህን ሳሰላስል የካፊሌን ረጅም ነጭ ቀሚስ፣ ቶቡን፣ በካውያ ደረቱ ላይ በሳሁት።

ከሁለት ቀን በኋላ አላስችል አለኝና የሄኖን ፎቶ ይዤ ማዳም ፊት ቆምኩ። የዚያች የጎረቤታችን የልጅ ልጅ ነው፣ እስቲ ከንፈሩን እይልኝ፣ ልጇም እንደገና አርግዛለች አልኳት። በፎቶ አይታወቅም ብላ ስልኩን መለሰችልኝ። እድገቱ ይለካል፣ ዓይኑና ጆሮው ይታያል፣ ማስታወሱና ትምህርቱ ይፈተሻል፣ እናቱም በደግ ቃል ትጠየቃለች፤ አንድ ሐኪም ብቻውን የሚወስነው አይደለም አለች። ምናልባት ጆሮው በደንብ ስለማይሰማ ይሆናል፣ ምናልባትም ሌላ ነው። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«ረምዚያ፣ ረቡዕና ዓርብ ብቻ እየመረጠ ሥጋ የሚያስጠላ የሆድ ሕመም እኔ ትምህርት ቤት አልተማርኩም። ሰባት ዓመት አይቼሽ ዝም ብያለሁ። ወረቀትሽን አልጠየቅሁሽም። እህትሽ ስንተኛ ወሯ ነው?»

ክው አልኩ። እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ኢቃማዬ፣ ሥራዬ፣ ለናንተ የምልከው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታየኝ። ከዚያ ግን አፌን ከፍቼ «አራተኛ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ሊደበቅ የቀረ ነገር ስላልነበረ ስሜንም ነገርኳት። ቦሰና፣ ቦሰና ብላ ሁለት ጊዜ ደገመችው፣ ከዚያ ለቤቱ ግን ረምዚያ ይሻላል አለችና ሻይ እንዳፈላ ላከችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ምስር ትገዛልኛለች።

በቀጣዩ እሑድ ኹበር ወዳለው ሆስፒታሏ ይዛኝ ሄደች። ኸጣብ ነው የነዳን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳሳተ። አምስት ዶክተሮች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፣ ማዳም «አንዲት ኢትዮጵያዊት» ብላ አስተዋወቀችኝ፣ ስም አልጠራችም። ስለ ጠላ እንድናገር ጠየቁኝ። የኩታበር ጋን ኹበር ላይ በአምስት ምሁር ፊት ሲዘረዘር ብታዪ፣ እማዬ፣ እልል ትዪ ነበር። አንደኛው የአልኮሉን መጠን በመቶኛ ጠየቀኝ። እንደ እናቴ የዕለት ፊት ነው፣ የከፋት ቀን ይበረታል አልኩት፣ እሱም ጻፈው። በመጨረሻ «አልኮል ትጠጫለሽ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ሰረዙና «ቤት ውስጥ፣ በበዓልና በማኅበር ምን ትጠጫለሽ? ምን ይቀዳልሻል?» የሚል አደረጉት። ማዳም በኩራት ታየኝ ነበር። እኔም ኮራሁ። መኪና ውስጥ ስገባ ግን አንቺ ታወስሽኝ። አምስት የማላውቃቸው ሰዎች አወቁት፣ አንቺ ግን ገና አላወቅሽም።

እማዬ፣ እንግዲህ ቁርጡን ልንገርሽ። ለአዳነች ጠላ አትቅጂላት። ጉሹንም፣ ቅራሪውንም፣ ለማኅበር የመጣ ጠጅም፣ ለክርስትና የወጣ አረቄም፣ እስክትወልድ አንድ ጠብታ እንዳትቀምስ። ስታጠባም ጠላው ይቆየን። ጠላ ቤትሽን ዝጊ አላልኩም፣ አባዬ ሰባቱን ይጠጣ፣ ሞላልኝም ሥራውን ይፈልግ። ለእሷ አጥሚት አፍዪላት፣ በሶ በጥብጪላት፣ ተልባ ስጫት። «አንቺንስ በጠላ አይደል የወለድኩሽ፣ ምን ሆንሽ?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ይህንኑ ለማዳም ነግሬያት ነበር። የተቃጠለውን ቶብ አየት አደረገች።

አሁን የምጽፈው ከበደኝ፣ ግን ልጻፈው። አዳነች ሄኖን ስታረግዝ አንቺ ትቀጂ ነበር፣ ዳገቱን ወጥቼ እቤቷ የማደርስላት ግን እኔ ነበርኩ። ይሸተኛል፣ አልፈልግም ስትል «ለልጁ ስትዪ ጨርሺው» እያልኩ ሽክናው ባዶ እስኪሆን ፊቷ እቆም ነበር። በፍቅር ነው ያደረግሁት። የሄኖ ነገር ከዚያ ይሁን ከሌላ አላውቅም፣ ማዳምም አላወቀችም። ከዚያ ከሆነ ግን እጄ አለበት፣ ይህን ሳስብ እህል አይወርድልኝም። ስለዚህ አንቺን ልከስ የጻፍኩ እንዳይመስልሽ። አንቺም ያወቅሽውን መልካም ነገር ነው የሰጠሽን። አዳነችዬ፣ እዚህ ላይ ማንበብ ካቃተሽ ትንሽ አረፍ በዪ፣ መሪማ ትጠብቅሻለች። አንቺ ምንም አላጠፋሽም እህቴ፤ እምቢ ያልሽው እንኳ አንቺ ብቻ ነበርሽ።

ፖስታው ውስጥ ማዳም በእንግሊዝኛ የጻፈችው ወረቀት አለ። ሄኖን ደሴ ወደ ልጆች ሐኪም ውሰዱትና እሱን ስጡ። መድኃኒት ተውጦ የሚድን ነገር አይደለም ብላኛለች፣ ግን ቶሎ ከታወቀና ከተያዘ ልጅ በደንብ ይማራል፣ በደንብ ያድጋል፣ ሥራም ይይዛል አለች። እስከዚያው ልምጩን እሳት ውስጥ ጨምሩት። ለመምህሩም ንገሩት፤ የሚረሳ ልጅ ተገርፎ አያስታውስም፣ የሚያስታውሰው ግርፋቱን ብቻ ነው። በስንት ሰዓት እንደሚበላ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ደብተሩ የት እንደሚሰቀል በየቀኑ አንድ ዓይነት ይሁንለት።

በሉ እንግዲህ፣ አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፣ ዓይኑን ካልታከመ በሬው ራሱ ይከሰዋል በዪው። ሞላልኝን ሰላም በዪልኝ፣ ነፍሰ ጡር ፊት ሽክና ይዞ እንዳይቀመጥ ይፈር። የማኅበርተኞችሽን በሙሉ፣ ጎረቤቶቻችንን በስማቸው እየጠራሽ ሰላም በዪልኝ፣ ካረገዙት ጀምሪ። አዳነችዬን ሆዷን ዳስሽልኝ፣ ገና ስም ላልወጣለትም አክስትህ ትጠብቅሃለች በዪልኝ።

ለሄኖዬ የምትነግሪው ሁለት ነገር ነው። እንዲህ ላለ ልጅ አንድ በአንድ ነው የሚነገረው፣ ሁለቱን አብረሽ ብትነግሪው ሁለቱም ይጠፉበታል። መጀመሪያ አጠገብሽ አስቀምጪውና አክስትህ ቦሰና በጣም ትወድሃለች በዪው። እስኪሰማሽ ታገሺው። ከዚያ ያ ሁሉ ግርፋት ያንተ ጥፋት አልነበረም በዪው። ቢረሳው ነገም ድገሚለት።

ልጅሽ ቦሰና
ደማም፣ አል ነኺል
ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.